አባቴ፣ ፕራትና ሰሌዳው

አባቴ አሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ ኤልውድ ፕራትን የሚያውቀውን ያህል እኔን ቢያውቀኝ ኖሮ የጫማ ቁጥሬን እንኳ ይነግራችሁ ነበር። የፕራትን ይነግራችኋል። ፕራት ቁርሱን ምን ይበላ እንደነበር፣ በየትኛው እጁ ይጽፍ እንደነበር፣ ፒያኖ ላይ ከመቀመጡ በፊት መስኮት መክፈት ይወድ እንደነበር ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ አባቴ ግን ስለ እሱ ሲያወራ ትናንት አብሮት ያመሸ ይመስላል።

አባቴ ግዛው ይባላል። የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፤ ጅዳ፣ ሸረፊያ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። እኔ ሀሰና ነኝ። ያደግሁት መካ፣ ዛሂር፣ እናቴ ሀጂራ ዘንድ ነው። ደሴ ላይ ሲጋቡ እሱ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም መሆናቸው ማንንም አላስገረመም፤ ሲፋቱም እንደዚያው። እናቴ መካ የሚኖረውን ሀሺምን አግብታ እኔን ይዛ መጣች፤ አባቴ ከዓመታት በኋላ ሥራ አግኝቶ ጅዳ ገባ።

ከጅዳ መካ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱ ላይ፣ ሙስሊም ያልሆነ በዚህ ይታጠፍ የሚል ሰሌዳ አለ። አባቴ ይህን ሰሌዳ ይወደዋል። እሱ እንዲህ አይልም፤ የምለው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ስመረቅ፣ "ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰሌዳው ነው" አለኝ። ታምሜ ሆስፒታል ስተኛም ሰሌዳው ነበር። ልጅ ሳለሁ ሰሌዳውን እንደ ክፉ ጎረቤት እጠላው ነበር፤ በአውቶቡስ ባለፍኩ ቁጥር ምላሴን አወጣበታለሁ።

ስለዚህ የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ ዓርብ ዓርብ። ሄጄ ምን እሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ የፕራትን ሕይወት እተይባለሁ። አባቴ ስለ ፕራት በአማርኛ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ። ትምህርቴ ሁሉ በአረብኛ ስለሆነ አማርኛ መጻፍ የተማርኩት ከፕራት ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ አሳምሬ ማማረር የቻልኩት በእሱ ነው።

አባቴ ሲደክመው ኤሌክትሪክ ፒያኖው ላይ ይቀመጥና ጎረቤት እንዳይረበሽ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ዓይኑን ጨፍኖ ሙዚቃውን ይሰማል። እኔ የምሰማው የቁልፎቹን ቷ ቷ ቷ ብቻ ነው።

ከፕራት ሕይወት ሁሉ አብልጦ የሚወደው የኔልን ነገር ነው። ኔል፣ ፕራት ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት ልጅ ናት፤ እናቷ ይዛት ሊዝበን ገባች። ፕራት አውሮፕላን እፈራለሁ እያለ አንድም ቀን ሄዶ አላያትም። በየልደቷ ግን አንድ አንድ የፒያኖ ድርሰት ይልክላት ነበር፤ ሁሉም "ለኔል" ይባላሉ።

"አየሽ፣" ይለኛል አባቴ፣ "በአካል ባይገኝ ልቡን ላከላት።"

አንድ ቀን አላስቻለኝም። "ቶኪዮ ሽልማት ሊቀበል የሄደው ግን በአውሮፕላን ነው" አልኩት። የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም።

"እሱማ ሥራ ነው" አለኝ።

መተየቤን ቀጠልኩ።

ከዚያድ ጋር ስንተጫጭ ኒካሁ መካ እንዲሆን ተወሰነ። አባቴ ክርስቲያን ስለሆነ ወሊዬ ሆኖ ሊድረኝ አይችልም፤ የሚድረኝ ቃዲው የወከለው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ ነው። ይህን ስለማውቅ የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው። የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥልኝ፤ እንግዶቹ "ያ ማነው?" ሲሉ "የሙሽራዋ አባት" ይባልልኝ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

"ጅዳ ቢሆን ኖሮ ከሁሉም ቀድሜ እገኝ ነበር" አለኝ። "ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰሌዳው ነው።"

"እሺ። ጅዳ ይሆናል።"

ክው አለ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስታ መስሎኝ ነበር።

ሠርግ ከመካ ማስነሳት ቀላል አልነበረም። "የአላህ ቤት ደጅሽ ላይ እያለ ጅዳ?" ብላ ጮኸችብኝ እናቴ። "ወላሂ አእምሮሽን ስተሻል! ለዚያ ሰውዬ ብለሽ?" የዚያድ እናት አኮረፈች። ሀሺም እንግዳውን ሁሉ በአውቶቡስ ልናመላልስ ነው ወይ ብሎ ሲያጉረመርም ሰነበተ። እኔ ችክ አልኩ። በመጨረሻ ጅዳ ውስጥ ለሠርግ የሚከራይ ግቢ ተገኘ፤ ቀኑም ዓርብ፣ ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ሆነ። ከአባቴ ጋር ሸረፊያ ዞረን ግራጫ ሱፍ መረጥንለት።

ሳምንት ሲቀረው ደወለ።

"ሀሰና፣ ስለ ፕራት ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩ። ዲፕሎማቶች አሉ፣ ዶክተሮች አሉ። ዕለቱም የሞተበት ቀን ነው፤ ዓርብ።"

"የእኔም ዓርብ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። ይሄ ግን ሥራ ነው።" ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ "ጨርሼ እደርሳለሁ። ወንበሬን አስይዢልኝ" አለ።

ቶኪዮ ትዝ አለኝ። ወንበሩን ግን አስያዝኩለት፤ ሞኝ ነኝ።

የሠርጉ ዕለት ወንዱም ሴቱም ለየብቻው ተቀምጧል። ተኩዬ፣ ሂና ተቀብቼ፣ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ለአጎቴ ሰይድ ደወልኩ።

"አባዬ መጣ?"

"ወንበሩ አለ" አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ አልመጣም ማለት አቃተው።

ኒካሁ ታሰረ። እልልታው ቀለጠ። እንደገና ደወልኩ።

"የእንግዳ ልጅ ተኝቶበታል" አለ አጎቴ። "ላስነሳው?"

"ተወው፣ ይተኛ።"

ስልኬ ላይ አባቴ ንግግሩን በቀጥታ እንድንከታተል የላከው ሊንክ ነበር። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የተላከ ነው፤ "ክቡራንና ክቡራት" ይላል። ከፈትኩት። አባቴ ግራጫውን ሱፍ ለብሷል። አምሮበታል። ኔል ላይ ደርሷል።

"እስቲ አስቡት፣" ይላል፣ "ልጁ በሰው አገር ስታድግ፣ ስትመረቅ፣ ስትዳር አጠገቧ ያልነበረ አባት ምን ያህል ይቆስላል!"

መሐረብ አወጣ። አዳራሹ አጨበጨበለት። ይህን ዓረፍተ ነገር የተየብኩት እኔ ነኝ። "ስትዳር" የምትለዋ ግን አልነበረችም፤ በዚያ ሳምንት የጨመራት ናት።

"ምን ታያለሽ?" አለች እናቴ። "ኸላስ፣ ዝጊው! አልቅሰሽ ኩልሽን እንዳታበላሺ።"

"እኔ አላለቀስኩም እማ። የሚያለቅሰው እሱ ነው።"

ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። የመለሰችልኝ ከዚያድ ጋር ወደ መካ ልንመለስ መኪና ስንገባ ነው። የአባቴ መልእክት ገብቷል። "ውድ ልጄ፣ እንግዶቹ እራት ሳትበላ አትሄድም ብለው ያዙኝ። ለሠርግሽ ከአባትሽ፤ የመጨረሻው 'ለኔል'። ራሴ ተጫውቼ የቀዳሁት ነው።"

ከፈትኩት።

ቷ። ቷ ቷ። ቷ።

ማዳመጫውን ሳይነቅል ነው የቀዳው። እሱ ሙዚቃውን ሰምቷል፤ ምናልባትም አልቅሷል። ለእኔ የደረሰኝ ጣቱ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ያለው ድምፅ ነው። ከመላኩ በፊት አንዴ እንኳ መልሶ አላዳመጠውም።

ዚያድ እየነዳ ጆሮውን ጣል አደረገ። "ሚን ሀዳ? ማነው የሚያንኳኳው?"

"አባቴ ነው" አልኩት። እስኪያልቅ ሰማሁት። ለካ ረጅም ነው።

ለአባቴ እንድንቀርብ ብዬ ሸረፊያ ቤት አይተን ነበር። የዚያድ ሥራ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው ባቡር ላይ ስለሆነ የትም ብንኖር ግድ የለውም። "ሸረፊያ ይቅር፤ ዛሂር እንኑር" አልኩት። "አኪድ?" ብሎ ዞሮ አየኝ፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። እርግጠኛ ነበርኩ። ቅርብ ሆኖ የማይመጣ አባት ከሚኖረኝ፣ መምጣት የማይችል አባት ይኑረኝ። ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ምላሴን አላወጣሁበትም። ያን ሁሉ ዓመት የጠላሁት በከንቱ ነው፤ እሱ ምንም አላደረገኝም።

በሳምንቱ አባቴ ደወለ።

"ሙዚቃው ደረሰሽ?"

"እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ።"

"መሀል ላይ ያለችው ዝምታ አትገርምም?"

"ትገርማለች።"

ደስ አለው። ዛሂር እንደገባን ስነግረው፣ "ውይ! ሸረፊያ ብትሆኚ እኮ በየቀኑ ብቅ እል ነበር" አለ። እፎይታው በስልክ ይሰማ ነበር። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ዓርብ ግን ትመጫለሽ አይደል? የኔል ምዕራፍ አላለቀም" አለኝ።

"ምን ላድርግ አባዬ፣" አልኩት፣ "ሰሌዳው ነው።"