ሙሴ ቁጥቋጦውን አልነካም

ዘውዱ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ እቴነሽ ደግሞ የዘውዱ ጠባቂ ናት። እብናት ላይ በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ረግጦ የወፍጮ ሞተር ሲፈትሽ መብራት ይዞት ከግድግዳ ጋር ካላተመው ወዲህ፣ ለሥራ በተጠራ ቁጥር ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትከተለዋለች። «በዚህ ዕድሜዬ ከል ለብሼ አልዞርም» ትላለች።

የንግሥ ዋዜማ ዕለት፣ ከገሳይ ከተማ መለስ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ሌሊቱን ዝናብ በጣራው ገብቶ ከበሩ ጀርባ ያለውን የመብራት ሳጥን አርሶት ኖሯል። ዘውዱ ተጠራ። እቴነሽ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ የመብራት መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ እየዳበሰች ሄደች፤ ልጣጩ የተላጠ እንዳይኖር ብላ ነው።

«እንደ ገበያ ዶሮ አታገላብጪው እንጂ!» አለ ዘውዱ።

«ዶሮ ባል አይገድልም።»

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዘውዱ እንደ ወጉ ጫማውን አወለቀ። እቴነሽ ክንዱን ጨመደደችው።

«በባዶ እግርህ? እርጥብ ላይ? እንግዲያው መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፋ።»

«ካጠፋሁት ቴስተሩ ምኑን ያሳየኛል?»

ቄሰ ገበዙ አባ ገብረሥላሴ በባዶ እግራቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከውስጥ ብቅ አሉ። «ምነው እቴነሽ፣ በጫማ ልታስገቢው ኖሯል? ሙሴስ ቁጥቋጦው ሲነድ ‹ጫማህን አውልቅ› አልተባለም?»

«ተብሏል አባ። ሙሴ ግን ቁጥቋጦውን አልነካም! ቆሞ አየ። የኔ ባል እጁን ሊከት ነው።»

«ቁጥቋጦው እኮ አልተቃጠለም።»

«ዘውዱ ይቃጠላል! አንድ ጊዜ አይቸዋለሁ።»

«ጫማ አይገባም ብያለሁ። ዋዜማውም ያለ ድምፅ ማጉያ ይለፍ።»

ዘውዱ አፈረ። «እቱ፣ ተይ በቃ፤ ቶሎ ነክቼ ልውጣ።»

«ትነካና በቃሬዛ ትወጣለህ» አለችና በሩ ላይ ተገትራ ዙሪያውን ቃኘች። ዓይኗ ባጃጁ ላይ አረፈ። «አንተ እሸቴ! ትርፍ ካላማዳሪያ አለህ?»

ነጂው እሸቴ ገና ከፌስታሉ ያልወጣ ካላማዳሪያ ይዞ መጣ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አባ።

«የጎማ ሆድ ዕቃ ነው። ኑሮው ጎማ ውስጥ ነው፤ እንደ ባሕታዊ ከዋሻው አይወጣም። ዕድሜ ልኩን መሬት ረግጦ አያውቅም። እስቲ ይኸን ጫማ ነው ይበሉኝ!»

አባ አገላበጡት፤ አሸተቱት፤ ነውር ቢፈልጉ አጡበት። «ይግባ» አሉ ቅር እያላቸው።

ዘውዱ ካላማዳሪያውን አጥፎ አነጠፈና ወጣበት። አንዱን የቴስተር ጫፍ እርጥቡ ወለል ላይ ተክሎ ሌላውን ሲያሳርፍ ቁጥሩ ዘሎ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። ገና ሽቦ አልነካም፤ የነካው የሳጥኑን ብረት ነው።

«ተገኘ?» አሉ አባ፣ ሳጥኑን ሊደገፉ እጃቸውን እየዘረጉ።

«አይንኩት! ሳጥኑ ራሱ መብራት ይዟል!»

አባ እርጥቡን ወለል አዩ፤ ባዶ እግራቸውን አዩ። ከዚያ ከዕድሜያቸው የማይጠበቅ ዝላይ ዘለው ካላማዳሪያው ላይ ሰፈሩ፤ የዘውዱንም ወገብ ጥምጥም አሉበት።

«አባ፣ ይጠባል» አለ ዘውዱ፣ እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ።

«ዝም በልና ጠጋ በል!»

እቴነሽ ቆጣሪውን ልታጠፋ ወደ ውጭ ወጣች፤ ጫማዋን አድርጋ፣ ሳትቸኩል። ከኋላዋ የአባ ድምፅ ያለ ማጉያ ግቢውን ሞላው፦

«እቴነሽ! ልጄ! ሌላ ካላማዳሪያ የለም ወይ?»