አርባ ስምንት በሮች

እህቴ አናጢነቱን የተማረችው ከአባታችን ነው። አባታችን ሲያርፍ ሱቁም፣ መላጊያ ማሽኑም፣ በየጥጉ የተቆለለው ሰጋቱራም ለእሷ ቀረ። ለእኔ ለታናሿ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ እንጨት ማለስለስ ደረሰኝ። ደንበኛ ይገባና ግራ ቀኙን አይቶ «ባለሙያው የለም?» ይላል። እህቴ «አሁን ይመጣል» ትልና በጓሮ ወጥታ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ተመልሳ ትገባለች። «አቤት፣ ምን ልሥራልዎ?» ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይሄዳል። የሳቁት በርጩማ ያዙናል፣ ወይ የተሰበረ ወንበር ያስጠግኑናል። ትልቅ ሥራ ግን ወደ እኛ ዞር ብሎም አያይም።

አንድ ቀን ለአዲስ ትምህርት ቤት አርባ ስምንት በሮች የሚሠራ አናጢ በጨረታ እንደሚፈለግ ማስታወቂያ ወጣ። ተወዳዳሪው ሥራውን የሚመሰክርለት የታወቀ ማኅበር አባል መሆን አለበት ይላል።

«የነጋዴ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር አለ አይደል?» አልኳት።

«እሱ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ለሚያደርጉት ነው። እኔ ሰጋቱራ በፀጉሬ ይዤ ሄጄ ምን ልላቸው ነው?»

ሦስት ቀን ወተወትኳት፤ በአራተኛው ሄድን። የማኅበሩ ቢሮ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ሊቀ መንበሯ ጡብ ፋብሪካ ያላቸው፣ መዳፋቸውም እንደ ጡባቸው የሻከረ ሴትዮ ናቸው፤ ሁሉም «እማማ ጡብ» ነው የሚላቸው። እህቴ ሰርተፊኬት እንደሌላት ልትነግራቸው ስትንተባተብ አቋረጧት።

«ወረቀቱን ተይውና፣ የሠራሽው በር የት ነው ያለው?»

«ቤት ነው… የማድ ቤታችን በር።»

«እንሂዳ።»

የዚያኑ ቀን መጥተው የማድ ቤቱን በር ሲከፍቱ ሲዘጉ፣ ሲከፍቱ ሲዘጉ ቆዩ። እናታችን «ደህና ናቸው?» በሚል ዓይን አየችኝ። በመጨረሻ ጉበኑን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ይሄ በር አይጮኽም፣ አያነክስም። አባል ነሽ» አሉ።

ማኅበሩ ሥልጠና ነበረው፤ የጨረታ ሰነድ አሞላል፣ ዋጋ አወጣጥ፣ ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ። እህቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተማረች። ከአጠገቧ የምትቀመጠው ትልቅ የእንጨት ሥራ ድርጅት ያላት ሴት ናት። የማኅበሩ የድሮ አባል ብትሆንም ሥልጠና አያመልጣትም። ፈገግታ በሐኪም የተከለከለች ስለምትመስል እኔና እህቴ ኮስታራዋ ብለናታል።

ጨረታው ሲከፈት እህቴ አንደኛ፣ ኮስታራዋ ሁለተኛ ወጣች። ኮስታራዋ «እንኳን ደስ ያለሽ» እንኳ ሳትል ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

«ተቀየመችኝ» አለች እህቴ። ደስታዋ ግማሽ ሆነ።

ሁለት ሠራተኞች ቀጥረን ሥራው ላይ ተረባረብን። ሠላሳ ሁለት በሮች አልቀው፣ ለማስረከቢያው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ የመላጊያው ማሽን ሞተር ጭስ ተፋና ዝም አለ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ውስጡ ነዷል፤ ከሦስት ሳምንት በፊት አይደርስላችሁም» አለ። የአሥራ ስድስት በር ጣውላ በዘጠኝ ቀን በእጅ ተልጎ አያልቅም። እህቴ ሰጋቱራው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። አባታችን በሞተ ጊዜ እንኳ እንዲህ ቅስሟ ተሰብሮ አላየኋትም።

እኔ በጓሮ ወጣሁና ለእማማ ጡብ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። «ሰማሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት። በቃ፣ ይኼው ነው የማኅበር ነገር ብዬ አዘንኩ።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪና ደጃችን ቆመ። ከጋቢናው የወረደችው ኮስታራዋ ናት። ሰላም እንኳ በቅጡ አላለችንም።

«ጣውላው የታለ?» አለች። «ይጫን። እኔ ጋ ሁለት ማሽን አለ፤ አንዱን ለቅቄልሻለሁ።»

እህቴ ባለችበት ደርቃ ቀረች። «እኔ ካቃተኝ እኮ ሥራው ለሁለተኛዋ ነው የሚሰጠው። ላንቺ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል አሉ። እኔ ሞኝ እመስላለሁ?» አለች ኮስታራዋ፣ የጣውላውን ጫፍ በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ። «አንቺ በቀኑ ካላስረከብሽ ነገ ‹ሴት ትልቅ ሥራ ሲሰጧት እንዲህ ናት› ይላሉ። ያ ወሬ የእኔንም ቤት ነው የሚያንኳኳው። ደግሞም የተሸነፍኩት ጨረታ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም። ያዢ በዚያ በኩል።»

ስምንት ቀን እሷ ዘንድ ሠራን። ምስጋና የሚባል ነገር አታስጨርስም። እህቴ «እንዴት አድርጌ…» ብላ ስትጀምር «ሙጫው እየደረቀ ነው» ትላታለች። በየመሀሉ ትወቅሰናለች፤ መሮ አያያዜን ሦስት ጊዜ አርማኛለች። ግን በአምስተኛው ቀን እህቴ ሁለት እንጨት ያለ ምስማር የምታጋጥምበትን ዘዴ ኮስታራዋ ቆማ ስታይ ደረስኩባት።

«ይሄን ማን አሳየሽ?»

«አባቴ።»

«አንዴ ድገሚልኝ» አለች፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ። እህቴ ደገመችላት። ከዚያ እሷ ራሷ ሞከረች፣ ተበላሸባት፣ እንደገና ሞከረች። እህቴ ያን ዘዴ ለማንም አሳይታ አታውቅም ነበር።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ውስጥ የመጨረሻውን በር ገጠምን። እማማ ጡብ ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ይዘው መጡ። ገና ወንበር ባልገባበት ክፍል፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን አራታችንም ተቀመጥን። እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ስታሰላስል የሰነበተችው ንግግር እንዳላት ገባኝ።

«እኔ» አለች፣ «ይሄን ያህል ሰው ከጎኔ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሱቄን ዘግቼ ቤቴ የምቀር ይመስለኝ ነበር። እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ… አንቺም፣ እኔ በሐሜት ስምሽን ሳነሳ…»

እማማ ጡብ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ኮስታራዋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የተገመሰ ዳቦ በእጇ ይዛ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ቅንድቧ ላይ ሰጋቱራ አለ።

«ዳቦውን ከእጇ ውሰጂላት፣ እንዳይወድቅ» አሉ እማማ ጡብ በሹክሹክታ። «ንግግርሽን ለጠቅላላ ጉባኤው አቆዪው። የዚያን ቀን ሁለት መቶ ሴት ይሰማሻል፤ ከሁለቱ መቶ ውስጥ ደግሞ ገና ያልደፈረች አትጠፋም።»

እህቴ ዳቦውን ቀስ አድርጋ አነሳች። ሹራቧን አውልቃ ኮስታራዋን አለበሰቻት፤ ከጎኗም ተቀመጠች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ማናችንም አልተነሳንም።