ጥሩንባ ያለበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከላይ በግራ በኩል አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። ጠበቅኩ። ሰረዟ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ልጃችን ከወለደች ወዲህ ፎቶ እንድንላላክ ብላ አዲስ ዲጂታል ካሜራ ላከችልኝ። በስልክም አስተማረችኝ፤ "እማ፣ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኪው፣ ሲዲውን አስገቢ፣ የሚጠይቅሽን ሁሉ እሺ በይ። ካርዱ ሰፊ ነው፣ ፎቶም ሌላም ይይዛል" አለችኝ። በትዳር ዘመኔ ሁሉ ያላልኩትን እሺ ለዚያ ሲዲ አልኩለት። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት አለኝ። እሱንም እሺ አልኩ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ባሌ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። ድምፁ ያለው እዚያ ውስጥ ነዋ።

ባሌ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ አውቶቡስ የሚጠራ ሰው ነበር፤ "ጥሩንባ" ነው የሚሉት። ኋላ ጉሮሮውን ታመመና ሐኪሞቹ ድምፁን ወስደው ነፍሱን ተዉለት። አሁን የቀረው ሹክሹክታ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት የወንድሜ ልጅ መናኸሪያ ሄዶ ቀረጸውና እዚህ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠው። ከሆስፒታል ሲወጣ "ሌላም ቦታ እንገልብጠው" ቢለው አሻፈረኝ አለ። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ድምፅ እየሳሳ እንደሚሄድ ያውቃል። "የቀረችኝን አታሳሱብኝ" አለ። እኛም ተውነው፤ ያ ድምፅ ከዚህ ሳጥን በቀር የትም የለም።

አጥፍቼ አበራሁ። ሰረዟ። ደገምኩ። አሁንም ሰረዟ። ልጄ ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም፤ ሕፃኑን እያስተኛች ይሆናል። ሳጥኑን እየዳበስኩ "ግድ የለህም፣ ተነስልኝ" ብዬ ለመንኩት። የሚያስፈራኝ የባሌ ቁጣ አይደለም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። የፈራሁት ሰምቶ ዝም ሲል ማየትን ነው።

በዚህ መሃል የግቢው በር ኳ ኳ አለ። ባሌ መጣራት ስለማይችል ከውጭ ሲመጣ በቁልፉ ብረቱን መታ መታ አድርጎ ነው የሚገባው። ክው አልኩ። የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ካሜራውን መደበቅ። ካላየው ኮምፒውተሩ አርጅቶ ሞተ እላለሁ። አዎ፣ ልዋሽ ነበር። ገመዱን መንጭቄ ካሜራውን ትራስ ሥር ወሸቅኩና ለመጨረሻ ጊዜ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ሳጥኑ አጓራ፣ ጢጥ አለ፣ ስክሪኑም በራ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የተሰካውን ካሜራ የራሱ አካል መስሎት በእሱ በኩል ሊነሳ ሲታገል ነበር፤ ይህን ልጄ ኋላ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ድምፁ መኖሩን ሳላረጋግጥ መተንፈስ አልቻልኩም። ከፈትኩት።

"ተሳፋሪዎች! የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሳ ነው! ሻንጣ የረሳ፣ ሚስት የረሳ፣ ይመለስ!"

ዞር ስል ባሌ የክፍሉ በር ላይ ቆሟል። ከትራሱ ሥር ሾልኮ የወጣውን ገመድ አየ። ውሸቱ አፌ ላይ ቀረና ሁሉንም ነገርኩት።

አጠገቤ ተቀመጠ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"እኔም ባበራሁት ቁጥር እንዲህ ነው የምፈራው" አለኝ። ሳጥኑን ዳሰስ አድርጎ "ገልብጪው" አለ።

"ቢሳሳስ?"

"ከነጭራሹ ከሚጠፋ ይሳሳ። ካሜራው ላይ አድርጊው፣ ለልጅ ልጄም ይድረሰው።"

ያንን ገመድ እንደገና መሰካት ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። እሱ እጄን ያዘና አብረን ሰካነው። ሳጥኑ እያጓራ ሲገለብጥ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ሲያበቃ ካርዱ ላይ ያለውን ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ድምፁ አስጠጋ።

"ሚስት የረሳ፣ ይመለስ!" አለ ጥሩንባ።

"አልሳሳም" አለ ባሌ። ከዚያ ድጋሚ አስከፈተኝ።