በወንዙ ዳር የቀረው ገላጣ

እኔ አስማረ ጫኔ በጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር ሦስት ጥማድ መሬት የማርስ፣ በልጅነቴ ዳዊት የደገምሁ፣ ብዕር መያዝ የማያስፈራኝ፣ ነገር ግን በክርክር መሸነፍን አጥብቄ የምጠላ ሰው ነኝ። ይህን ጠባዬን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ሆይ፣ የሚከተለው ሁሉ ከእርሱ የመጣ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ፣ ወንዙን የምንዋሰን ገበሬዎች ሁሉ ከየይዞታችን ሃያ ሃያ እርምጃ ዳር ሳናርስ እንድንተው ሲለምነን ከረመ። ቁጥቋጦው ከላይኛው ደን እስከ ታችኛው ረግረግ ሳይቆረጥ ከቀጠለ ድኩላውም ጉሬዛውም ይተርፋል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ግን አይተርፍም ነበር የሚለን። ከእኔ በላይ ያለው አቶ ሞላልኝ ፈረመ። ከእኔ በታች ያለችው፣ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ፈረመች። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ግን እምቢ አልሁ፤ እምቢ ማለቴ ሳይበቃኝ፣ ድኩላ የማንጠግቦሽን ባቄላ የበላ ጊዜ በሰው ፊት «እንግዶችሽ ራት ተስማማቸው ወይ?» ብዬ ሳቅሁባት። አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም። እኔም በእልህ ዳሬን ልመነጥር ደቦ ጠራሁ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ደቦው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ምሽት ላይ ደጃፌ ተቀምጬ ወንዙን ሳይ ልቤ አልረጋ አለኝ። ጠላው ተጠምቋል፣ ሃያ ሰው ማልዶ ሊመጣ ቃል ገብቷል፤ ደቦ ጠርቶ መልሶ የሚሰድ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው። መሬቱ የእኔ ነው፣ ልክ ነኝ እያልሁ ራሴን ሳሳምን፣ ነገር ግን ያቺ ሴት ዝም ማለቷ እንደ እሾህ ሲወጋኝ፣ በተቀመጥሁበት እንቅልፍ ወሰደኝ።

እነሆም በራእዬ ጧት ሆኖ፣ በማሳዬ ጫፍ አንዲት ሽማግሌ ሴት የመሬት መለኪያ ገመድ በክንዷ ጠምጥማ ቆማ አየሁ። መሬት ሊነጠቅ ሲል ገመድ ይቀድማልና ፈጥኜ ወደ እርሷ ሄድሁ።

«እሜቴ፣ መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው የመጡት?» አልኋት።

«የምለካው ለመውሰድ አይደለም። ተከተለኝ፤ ከኋላዬ ግን እንዳትርቅ፣ የምትረግጠውን እይ» አለችኝ። ፊቷ የማውቀው የሚመስል፣ ቁጣና ሐዘን የተቀላቀለበት ፊት ነበር።

የመራችኝ ወደ ላይኛው ደን ነው። ከዚያ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት የማውቀው አገር ተለውጦ አገኘሁት። ወንዙ ግራና ቀኙን በሾላ፣ በዋንዛና በብሳና ተሸፍኖ ይወርዳል፤ ከየማሳው ድንበር ላይ ደግሞ ቀጫጭን የቁጥቋጦ መስመሮች እየወጡ ከወንዙ ዳር ይገናኛሉ፤ በመስመሮቹ መካከል በቆሎና ዳጉሳ በቅሏል፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል፤ በክረምት ደፍርሶ የማውቀው ውሃ ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል። ገበሬዎቹ በማሳቸው፣ አውሬዎቹ በዳራቸው ነበሩ። ደስታ ሊሰማኝ ሲገባ ፍርሃት ተሰማኝ፤ ሴትዮዋ ቶሎ ቶሎ ወደ ታች እያየች፣ የምትጠብቀው ነገር እንዳለባት ሰው ትፈጥን ነበርና።

«ይህን ያደረገ የትኛው ገዥ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ገዥማ ሞክሮ ነበር። አጠረ፣ ዘበኛ አቆመ፤ ዘበኛው ሲተኛ አጥሩ ማገዶ ሆነ። ኋላ ባለመሬቶቹ ራሳቸው በፈቃዳቸው ተዋዋሉ። እሱም በመጀመሪያ አልሰመረም።»

«ስለምን?»

«የሚተወውን መሬት እያንዳንዱ ራሱ መረጠዋ። ሁሉም ድንጋያማውን ተወ። አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ የማይገናኝ ድንጋይ። ድኩላ ድንጋይ ይበላል እንዴ? ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የሚተወው መሬት መያያዝ አለበት ብለው እንደገና ቁጭ ያሉት።»

«እሺ፣ ገመዱስ ለምንድን ነው?»

«አንተ ገበሬ አይደለህም? በሬህ ማሳው ጫፍ ሲዞር ቦታ ይጠበዋል፤ በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ዳሩ ትገባለህ፤ ክፋት አይደለም፣ ግን በሃያ ዓመት ዳሩ ያልቃል። ስለዚህ በሰኔና በኅዳር ይለካል። ማንም ደግሞ የራሱን ዳር አይለካም፤ ጎረቤቱ ይለካለታል።»

ይህ ነገር እውነት ነበር፤ እኔም ከአባቴ ድንበር ስንት ትልም እንደገባሁ አውቃለሁ። መሸነፍ ግን አልወደድሁም። «አውሬው ሰብሉን የበላበት ሰውስ ምን ይሆናል?» አልኋት።

«በማግስቱ ማኅበርተኛው ሁሉ ማሳው ላይ ደቦ ይወጣለታል። ያረሰውን ያርሱለታል፣ የዘራውን ይዘሩለታል። የሚስቅበት ሰው የለም» አለችና ዘወር ብላ አየችኝ።

ያን ጊዜ ጆሮዬ እስኪግል አፈርሁ። ማን ነገረሽ እንዳልል ፈርቼ ተከተልኋት።

ወደ መካከለኛው የወንዙ ክፍል ስንደርስ ጥላው በድንገት ተቋረጠና ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ። መቶ እርምጃ የሚሆን ቦታ ላይ ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፣ አፈርም የለ፤ አለት ብቻ። በአለቱ ግራና ቀኝ ሰዎች ዱላ ይዘው በተጠንቀቅ ቆመዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ።

«ምን ይጠብቃሉ?» አልሁ በሹክሹክታ።

«ዝም በል። የቆሙት የእኔ ቤት ሰዎች ናቸው። ያረገዘች ድኩላ ወደ ረግረጉ ልትወርድ ነው፤ ሌላ መንገድ የላትም። እዚህ ትገለጣለች። ከወንዙ ማዶ ያሉት ውሾች ይህን ቦታ ለምደውታል።»

ድኩላዋ ከቁጥቋጦው አፍ ላይ ወጣች። ጆሮዋን አቆመች፤ አንድ እግሯን አለቱ ላይ አድርጋ መለሰች፤ ደግማ ሞከረች። ሆዷ ከብዷት ስለነበር ስትሮጥ እግሯ አለቱ ላይ ይንሸራተት ጀመር። ግማሽ ሳትደርስ ሦስት ውሾች ከማዶ ተወረወሩ። ሰዎቹ እየጮሁ ሮጡ፤ እኔም ልሮጥ ብዬ እግሬ ከመሬት አልነቀል አለኝ። ሰዎቹ ሲደርሱ ዘግይቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዱላውን ጥሎ አለቱ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ለምን አትተክሉበትም?» ብዬ ጮህሁ። «ይህን ሁሉ ያለማችሁ ሰዎች ይቺን ቁራሽ መሬት እንዴት አቃታችሁ?»

«ሠላሳ ዓመት ተከልንበት» አለች። «ሥሩ በተነቀለ በሁለተኛው ክረምት ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። የመነጠረው ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያጨደበት። አለት ላይ ምን ይተከላል?»

«ማን ነው የመነጠረው?»

ገመዱን ከክንዷ ፈታ መሬት ላይ አኖረችው። «እኔ ስንዱ እባላለሁ። እዚህ ቦታ ላይ ዘብ መቆም ለቤታችን በውርስ የደረሰ ነው፤ እናቴ ቆማለች፣ አያቴ ቆሟል። የአያቴ አባት ነው የመነጠረው። ቦታውን አገሬው የአስማረ ገላጣ ይለዋል።»

ያ ስም የእኔ ነው። ልመልስላት አፌን ስከፍት የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዓይኔን ስገልጥ ነግቷል፣ ድምፁ ግን አልቆመም። ደቦው እኔን ሳይቀሰቅስ ሥራ ጀምሯል።

ጋቢዬን ጥዬ በባዶ እግሬ ሮጥሁ። ስደርስ አንድ ብሳና ወድቋል፣ ቁጥቋጦው አራት እርምጃ ያህል ተጨፍጭፏል፤ አያ ቢሻው፣ የደቦው አዛውንት፣ በትልቁ ሾላ ግንድ ላይ መጥረቢያውን አንሥቷል። ከግንዱ ፊት ቆምሁ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ልቆርጥህ ነበር እኮ» አለኝ።

«ሥራው ቀርቷል፣ አያ ቢሻው።»

«እንዴት ይቀራል? ሃያ ሰው ከቤቱ አስወጥተህ?»

ሰዎቹ ይስቁ ጀመር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በድንበሯ ላይ ቆማ ታያለች። እኔም ያየሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ ድኩላዋ፣ ስለ አለቱ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀረ። አያ ቢሻው መጥረቢያውን ሳያወርድ «ለመሆኑ ያ ገላጣ በማን ስም ይጠራል አልህ?» አለኝ። ይህን ዘልዬው ነበር።

«በእኔ» አልሁ።

አያ ቢሻው መጥረቢያውን አወረደ። ከዚያ ድፍረቴ ሳይከዳኝ «ደቦው ወደ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማሳ ይሁን። ባቄላዋን ድኩላ የበላባት ለእኛ ሁሉ ብላ ነው፤ ጠላውም እዚያው ይምጣ» አልሁ።

«እኔ ደቦ አልጠራሁም» አለች ማንጠግቦሽ።

«እኔ ጠርቼልሻለሁ። በደልሁሽ፣ ይቅር በይኝ።»

ድንበሯን ተሻግራ ወደ እኔ መጣች። «ማንም የራሱን ዳር አይለካም ብለሃል አይደል?» አለች በመጨረሻ። «ገመድ አምጣ።»

አመጣሁላት። ከውሃው አፍ ተነሥታ ሃያ እርምጃ ለካች፤ አያ ቢሻው በየጫፉ ድንጋይ ተከለ፤ ከዚያ ሃያውም ሰው ወደ ማሳዋ ወረደ። እኔም ወደ ወረዳው ሄጄ ፈረምሁ።

ጧት የተቆረጠችው አራት እርምጃ ግን እስከ ዛሬ አልሞላችም፤ የተከልሁባትን ጎርፍ እየወሰደብኝ ነው። ሰዎችም የአስማረ ገላጣ ይሏታል። ስሙን እንዳይተዉት ራሴ ለምኛቸዋለሁ፤ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ለምን እንዲህ ተባለች ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግረዋለሁ።