ከኦና ከኦ ቢ አይወለድም

ድርቤ የትምህርት ቤቱን በር በክንዷ ገፍታ ገባች። ዘበኛው ቀጀላ "አዴ! እናቴ፣ መታወቂያ!" እያለ ቢከተላትም ዞር ብላ አላየችው። የሽንኩርት መደቧን ለጎረቤቷ ለነስሪን ጥላ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው ከገበያ የመጣችው። ወሬውን የነገረቻትም ነስሪን ናት። የነስሪን ልጅና የድርቤ ልጅ መታሰቢያ አንድ ክፍል ይማራሉ።

ኢቢሳ በመምህራን ክፍል ብቻውን ደብተር ያርም ነበር።

"የባዮሎጂው አስተማሪ አንተ ነህ?"

"አዎ እናቴ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። ልጄን ሰው ፊት አቁመህ ምንድን ነው ያልካት?"

ኢቢሳ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ልጅ ነው፤ ሠላሳም አይሞላው። "ስለ ዘር ውርስ እያስተማርኩ ነበር። ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ዘረመል ይወስዳል። ምሳሌ እንዲሆነን የየቤታቸውን የደም ዓይነት ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝኩ።"

መታሰቢያም ታዛዥ ናትና የእናትና የአባቷን የደም ልገሳ ካርድ ከሳጥን አውጥታ ገልብጣለች። አባት ኦ፣ እናት ኦ። የእሷን ደግሞ ትምህርት ቤት የመጡ የጤና ባለሙያዎች መርምረው ቢ ብለዋታል።

"ከኦና ከኦ ቢ አይወለድም፣ ዲኤንኤ አይዋሽም አልኩ" አለ ኢቢሳ።

"ከዚያስ?"

ወደ ደብተሮቹ አቀረቀረ።

"ከዚያስ፣ በርሲሳ? አስተማሪ አይደለህ፣ ጨርሰዋ!"

"'እናትሽን ጠይቂያት' አልኳት። ለቀልድ ነበር።"

"ለቀልድ!" ጠረጴዛውን በጥፊ ስትመታው ደብተሮቹ ወለል ላይ ተበተኑ። "ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም፤ አባቷን ቀና ብላ አታየውም። ገበያው 'ከማን ወልዳት ይሆን' እያለ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አንተ ራስህ ሳይመለጥ አፍህ ቀደመ!"

"ትምህርቱ እኮ ትክክል ነው…"

"ትምህርትህን ማን ነካብህ? የየት አገር ልጅ ነህ?"

"የጊዳ።"

"ጊዳ! ወለጋ ተወልደህ፣ እዚሁ አድገህ…" አለችና ምላሷን ነከሰች።

ንዴቷ ሊያናግራት ነበር። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት እሷና ባሏ ነመራ ይህችን ልጅ በተወለደች በአሥረኛ ቀኗ ከኡኬ ከተማ ሲቀበሉ፣ ሽማግሌ ፊት "ከሆዴ የወጣች፣ ከአጥንቴ የተከፈለች ልጄ ናት" ብለው ምለዋል። የወለደቻትም ሴት አብራ ምላለች። ከዚያ ወዲህ ጉዲፈቻ የሚል ቃል በቤታቸው ተነስቶ አያውቅም። ማንሳት ነውር ነው፤ ሆድ ይፍጀው ነው።

ኢቢሳ ግን የጊዳ ልጅ ነው፤ የአገሩን ልማድ ያውቃልና ያቋረጠችው ገባው። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ጉዲፈቻ ናት?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይቅር ይበሉኝ፤ ጨርሶ አልታሰበኝም። ነገ ክፍል ገብቼ እናገራለሁ፣ ስምዎ ይጸዳል።"

ደሟ ፈላ። ስሟን ሊመልስላት ልጇን ሊነጥቃት!

"ትንፍሽ ብትል! እኔን ያሻቸውን ይበሉኝ። ነገ ክፍል ገብተህ 'ያልኩት ብልግና ነው፤ ይቅርታ' ትላለህ። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር!"

"እሺ" አለ።

መታሰቢያ ቦርሳዋን አቅፋ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ቆማ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነመራ ደወለ።

"እንዳትነግሪያት" አለ። "ቃል ነው፣ ድርቤ። ተይው፣ ዲሲ ተይው፤ ያልፋል።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው። የምሯን ነበር።

ልጅቷ ጫማዋን እያየች፣ "ሀርሜ፣ እናቴ፣ አባቴ ማነው?" አለች።

"ነመራ ነዋ!"

"ከኦና ከኦ ቢ አይወለድም።" አለች ልጅቷ በንዴት። "ምን አድርጎሽ ነው? አባባ ምን አጉድሎብሽ ነው እንዲህ ያደረግሽው?"

ድርቤ የገበያውን ሐሜት እችለዋለሁ ብላ ነበር፤ ይህንን ግን አልቻለችውም። በአስተማሪው ተናደደች፣ በሽማግሌዎቹ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ "እሺ" ባለችው በራሷ ተናደደች። የልጇን እጅ ያዘች፤ መታሰቢያ መነጨቀቻት፤ መልሳ ያዘችው።

"ወንድሜ" አለች ባጃጅ ነጂውን፣ "ወደ ቤት መሄዱን ተወው። መናኸሪያ አድርሰን።"

"የት ልንሄድ ነው?" አለች ልጅቷ።

"ኡኬ። የወለደችሽ ሴት ጋ።"

መታሰቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

"እናትሽ ግን እኔ ነኝ" አለች ድርቤ፤ አሁንም ተቆጥታለች። "በሯን የማንኳኳው እኔ ነኝ።"