ጉርምርምታው

ጦርነት መጀመሪያ የሚበላው ስልክ ነው። ታጣቂዎቹ መርሳ ከገቡ ወዲህ ኔትወርክ የለ፣ መብራት የለ፤ ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ያለ ዘመድ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። ከከተማው ሰው ሁሉ ወደ ውጭ መነጋገር የሚችለው ሬዲዮ ጠጋኙ ዓሪፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢታወቅበት ነፍሱ አትተርፍም። ድሮ በጨረታ የገዛውን የመገናኛ ሬዲዮ አድሶ ጓሮው ካለው የጭድ ጎጆ ደብቆታል። በየቀኑ ወደ ማታ ከዐስር ሶላት በኋላ ኮምቦልቻ ያለውን የሙያ ጓደኛውን ሲሳይን ያገኘዋል።

ያን ሰሞን ጭንቁ ሁሉ ሉብና ነበረች። መርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ሰው የአያ ኑርሁሴን ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ አግብታ ከወለደች ገና ብዙም አልቆየች። አባትሽ በጠና ታመዋል የሚል ወሬ ደርሷት፣ ሕፃኔን አዝዬ በእግሬ እገባለሁ ብላ ተነሥታለች። መንገዱ ደግሞ ጦርና ጦር የተፋጠጠበት ነው፤ በዚያ የሄደ ሰው ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ጎረቤቷ ሲሳይ ከዓሪፍ ሰምቶ "ደህና ናቸው ብለዋል" ቢላት "ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም" አለችው።

አይፈረድባትም። በዚያ አገር ለሩቅ ሰው ሕመም አይነገርም። ሰው ከአልጋ ላይ ተጣብቆም "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ነው የሚለው። ይህን ደግሞ ልጅ ከማንም በላይ ታውቃለች።

አያ ኑርሁሴን ከመኝታቸው ስለማይነሡ፣ እህታቸው እትዬ ዓቢዳ ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው ከግራና መርሳ ድረስ በእግራቸው መጡ።

"አትምጪ ብሏታል፤ እንዳትመጪ ብሎ መርቋታል። አንተ ብቻ አድርስልን ልጄ" አሉት።

ዓሪፍ ስልኩን ከሬዲዮው ማይክ ፊት ደቅኖ አሰማ። ሉብና ሲሳይ ቤት ሆና አዳመጠች። "ይሄ የአባቴ ድምፅ አይደለም፤ ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ነው" ብላ ጓዟን ልትሸክፍ ተነሣች። ሲሳይ ለምኖ እስከ ማግስቱ አቆያት።

ዓሪፍ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። የስልኩ የማዳመጫ ቀዳዳ የተበላሸ ነው፤ ስለዚህ የቀረው መንገድ የስልኩን ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ መክተትና ድምፁን በሽቦ በቀጥታ ወደ ሬዲዮው መስደድ ነበር። እንዳሰበው አደረገ። የሬዲዮውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ቢከፍተው ግን የሽማግሌው ድምፅ የለም፤ እምምም የሚል፣ እንደተቆጣ የንብ ቀፎ ያለ ጉርምርምታ ብቻ። ከሥሩ አንዳንድ ቃል ብቅ ይላል፦ "ደህና... አትምጪ..." ወዲያው ይሰምጣል።

ሽቦውን ቀየረ፣ ያው ነው። ድምፁን ቢቀንሰው ሽማግሌው ጠፉ፣ ጉርምርምታው ቀረ። ተናዶ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀለው፤ ጩኸቱ ቀጥ አለ። ደስታው ግን ለአፍታ ነበር፤ የላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ።

ያኔ ገባው። ሁለቱም ከአንድ የመኪና ባትሪ ነው የሚጠጡት። በባትሪው ተገናኝተው ሳለ በድምፁ ሽቦ ዳግመኛ ሲገናኙ፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እየወጣ ይዞራል፤ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። መድኃኒቱ ሽቦ ከሽቦ ሳይነካካ ድምፁን ብቻ የሚያሻግር ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። ከአሮጌ ራዲዮኖቹ ሁለቱን ፈታ፤ የአንደኛው ትራንስፎርመር ጥቅል ሽቦ የተበጠሰ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውን በድምፁ ሽቦ መሀል በየደ። ውጭ የታጣቂዎቹ መኪና ሲያልፍ እስትንፋሱን ይዞ ይቀመጣል፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል።

ሰዓቱ ሲደርስ ከፈተው። ጉርምርምታው የለም! ዓሪፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የጩኸቱን ጭራ ፈለገ፣ ከላይ ፈለገ፣ ከታች ፈለገ፤ ምንም። አያ ኑርሁሴን አጠገቡ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብለው ይናገራሉ። ምን እንደሚናገሩ ግን አላዳመጠም። ጠጋኝ አይደል? ጆሮው የሚፈልገው ጉድለቱን ነው፤ ጉድለት ከሌለ ለእሱ ሁሉ ደህና ነው።

ሲሳይን ጠራና ድምፁን ላከለት። መልስ እስኪመጣ ማዳመጫውን ከጆሮው አላነሣም።

"ዓሪፍ" አለ ሲሳይ፤ ድምፁ የደስታ አይደለም። "ሰማች።"

"አመነች?"

"አባቴ ነው አለች። ትንፋሻቸው ሲር ሲር ሲል በየቃሉ መሀል ተሰማ፤ ደረታቸው እየጮኸ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ 'ልጄ፣ አፉ በይኝ' አሏት።"

አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ማለት፣ ሐጅ የሚነሣ ወይም ሞት ደጁ የደረሰ ሰው ቃል ነው። የሰማ ልጅ ደግሞ ተቀምጦ አይቀርም፤ ይህን ለማወቅ ትራንስፎርመር መበየድ አያስፈልግም ነበር። ያቺን መጨረሻ ቆርጦ ማስቀረት የአንድ አፍታ ሥራ ነበረች። ዓሪፍን ይህ ሁሉ ድካሙ አቃጠለው።

"ያዛት! በሩን ቆልፍባት!"

"ሚስቴ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። ጥላት ወጣች። ሕፃኑን አዝላ ነው የሄደችው፤ ከኋላዋ ሮጬ አጣኋት..." አለና ሞገዱ ወሰደው።

ዓሪፍ ደጋግሞ ጠራ። እሱ ከዚህ ሆኖ የሚጮኸው ለሲሳይ ነው፤ ለመንገዱ ሬዲዮ የለውም።

ከጎጆው ሲወጣ እትዬ ዓቢዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ከግንቡ ሥር ተቀምጠዋል።

"ሰማች?"

"ሰማች።"

"ጥርት ብሎ?"

የጎጆውን በር ከኋላው ዘጋ።

"ጥርት ብሎ" አለ።

"አልሐምዱሊላህ!" ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ዱዓውንም ለእሱ፣ ለእጆቹ ጀመሩለት። ዓሪፍ ፊታቸው ቆሞ አሚን አለ።