የእማዬ ጣውንት

ሰዓት ጠጋኙ አባቴ ስልሳ ዓመት በሞላው በሳምንቱ ያገለገለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ቀይ የጃፓን ስፖርት መኪና ገዝቶ መጣ። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ "የቀረውን ግማሽ መቼ ያመጡልሃል?" አለችው።

ቁልፉ ሲዞር ከሬዲዮው አንዲት ሴት በጃፓንኛ ታወራለች። ምን እንደምትል ከቤታችን የሚያውቅ የለም። አባቴ ግን እስክትጨርስ በትዕግሥት ይጠብቅና፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?" ይላታል። ሳይመልስላት ማርሽ አይነካም። እማዬም "ጣውንቴ" የሚል ስም አወጣችላት።

ዘንድሮ አባቴ ሲሞት መኪናዋ ለእኔ ደረሰችኝ። እማዬ "ሞቼ ነው የምገባባት" አለች። እኔ መንዳቱን ወደድኩት፤ ነዳጅ ገና ነካ ሲያደርጓት ትፈተለካለች። የሴትዮዋን ድምፅ ግን አልቻልኩትም። ተናግራ ስታበቃ የሚመልስላት የለም፤ ያ ዝምታ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ያባባዋል። ባለፈው ሳምንት መረረኝና ሬዲዮውን በአዲስ አስቀየርኩት።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል እማዬ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ማንም ሳይጠራት ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋች። ሞተሩን አስነስቼ ማርሽ ላስገባ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ እንጂ፣ አውርታ ትጨርስ።"

"ማን?"

"ጣውንቴ ናታ።"

ሬዲዮውን እንዳስቀየርኩት ነገርኳት። እጄን ለቀቀችና ቦርሳዋን እቅፏ ላይ አስተካከለች።

"እንዴት አደርሽ ልላት ነበር የመጣሁት" አለች።